ልጁን አያቱ ጋ ትተን ወደ ባሕር እንሂድ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃችን 20 ወሩ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን 2 ዓመት ይሞላዋል። ለገና አዲስ አበባ ሄደን የባለቤቴ እናት የልጅ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያዩት፣ ከዚያ ለ6 ቀን ዛንዚባር ልንዝናና አስበናል። ልጁ ከተወለደ ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር አናውቅም። ባለቤቴ ‹ልጁን እማዬ ጋ እንተወውና ሁለታችን እንሂድ› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ሕፃን ባሕር ዳር ምን ይሠራል? ምች ይመታዋል› ይላሉ። እኔ ትቼው መሄድ አልሆንልህ አለኝ። ጓደኞቼ የበረራውን ርዝመት ሲሰሙ ‹አብደሻል?› ይሉኛል። ልውሰደው? ልተወው? ወይስ ነገሩ ሁሉ ይቅር?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ሂዱ። ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ። «ይቅር» የሚለውን እርሺው። «እንተወው» በሚለው ላይ ግን ትንሽ እንነጋገር፤ ባለቤትሽም ዝም ብሎ አላለውም።

ሰውየው ደክሞታል። አንቺም ደክሞሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፉ የተቆራረጠ ሰው «ሁለታችን ብቻ» ቢል አይፈረድበትም። አሜሪካ ልጅ ማሳደግ እንደ አገር ቤት አይደለም። «እስኪ አንዴ ያዥልኝ» የምትባል ጎረቤት የለችም፤ እህትም አክስትም ሩቅ ናቸው። ስለዚህ አሳቡን እንደ ጭካኔ አትይበት። የፈለገው እረፍት ነው፤ እረፍቱም ይገባዋል።

ችግሩ ጊዜው ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከእናት ከአባቱ መለየትን አጥብቆ ይፈራል። አያቱን የሚያውቃቸው በስልክ ነው። እሳቸው ደግሞ የመጀመሪያ ቀን አቅፈው ሲስሙት ሊያለቅስባቸው ይችላል፤ እንዳይከፋቸው ከወዲሁ ንገሪያቸው። ቤቱ አዲስ ነው፣ አልጋው አዲስ ነው፣ ምግቡ አዲስ ነው፣ ቀንና ሌሊቱም ተገለባብጧል። በዚያ ሁሉ ለውጥ መሃል ያልተለወጡበት አንቺና አባቱ ብቻ ናችሁ። «6 ቀን ብቻ ነው» ብትይው አይገባውም። አማትሽም እንግዳ የሆነባቸውን ልጅ ሌሊት ሲያባብሉ ማደራቸው ነው። እናንተም ዛንዚባር ሆናችሁ በየሰዓቱ ስትደውሉ ውላችሁ ታድራላችሁ። ይህ ለማንም እረፍት አይሆንም። ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት ሲሆነው፣ አያቱንም በደንብ ሲለምድ፣ ያኔ ትተውታላችሁ፤ ተደስቶ ይቀራል።

እኔ የማስበው ሌላ ነው። ለምን አማትሽን አብራችሁ አትወስዷቸውም? ከአዲስ አበባ ዛንዚባር 3 ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ ከእሳቸው ጋር አንድ ሳምንት አሳልፎ ከተላመደ በኋላ አብረውት ቢመጡ፣ ማታ እሱ ሲተኛ እሳቸው አጠገቡ አሉ፣ እናንተ ደግሞ ሁለታችሁ ብቻ ወጥታችሁ ራት ትበላላችሁ። ባለቤትሽ የፈለገው «ሁለታችን» ተገኘ ማለት ነው። አማትሽም «ምን ይሠራል» ያሉትን ባሕር በዓይናቸው ያዩታል። ግን የእሳቸውን ቪዛና ክትባት አሁኑኑ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ሐኪም አይቶ አመዛዝኖ ነው የሚሰጣቸው። ባይሳካ ወይም እሳቸው ባይፈልጉ ደግሞ አንቺና ባለቤትሽ ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ጠዋት አንዱ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ትቀያየራላችሁ። ይህን ገና ሲልቨር ስፕሪንግ ሳላችሁ ተስማሙበት። ልጁ እያለቀሰ፣ አሸዋው ዳይፐር ውስጥ ገብቶ፣ ያኔ «ተራው የማን ነው» ተብሎ ሲጀመር ጥሩ አያልቅም።

የጉዞው ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ እንዳትቀይሩት። አዲስ አበባ መጀመሪያ፣ ባሕሩ ቀጥሎ። በአሜሪካ ክረምት፣ በገና ሰሞን ማለት ነው፣ የእናንተና የአዲስ አበባ ሰዓት 8 ሰዓት ይለያያል። አንድ ሕፃን ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት ያህል ሊፈጅበት ይችላል። ዛንዚባርና አዲስ አበባ ደግሞ ሰዓታቸው አንድ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ «እንጫወት» የሚልባቸው ሌሊቶች አያቱ ቤት ያልቃሉ፤ ባሕር ዳር የሚደርሰው እንቅልፉ የተስተካከለ ልጅ ነው። ብቻ አደራ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት የዘመድ ጥየቃ አታብዙበት። የገና ሰሞን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉም «እኔ ቤትስ?» ይላል። ዘመድ ወደ እናንተ ይምጣ።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ነገር፦ ክትባት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአሜሪካ በቀጥታ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ አይጠየቅም። እናንተ ግን የምትገቡት ከኢትዮጵያ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊያጋጥምባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ታንዛኒያ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች የሚመጣን መንገደኛ፣ ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካርዱን ትጠይቃለች። ልጅሽም ይመለከተዋል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ክትባት ሁሉም የሕፃናት ሐኪም አይሰጥም፤ የተፈቀደላቸው የጉዞ ክሊኒኮች ናቸው የሚሰጡት፣ ቀጠሮውም ቶሎ አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሁለት ዙር የኩፍኝ ክትባት ይመከራል፤ በሁለቱ መሃል ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት። አሜሪካ ሁለተኛውን በተለምዶ የሚሰጡት በ4 ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ ካልጠየቅሽ ላያነሱልሽ ይችላሉ። የኩፍኙና የቢጫ ወባው ክትባት ወይ በአንድ ቀን ነው የሚሰጡት፣ ወይ አንድ ወር ያህል ተራርቀው። ሒሳቡን ስትሠሪው ጊዜ እንደሌለሽ ይገባሻል። የጉበት በሽታ ኤ ክትባቱንም መውሰዱን አረጋግጪ። የታይፎይድ መርፌ ግን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ እሱን የሚጠብቀው የምግቡና የውኃው ንጽሕና ነው።

ወባንም አንርሳ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ የለባትም። ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳዋለች፤ ጨርሳ ግን አላጠፋችውም። ስለ መከላከያ መድኃኒት ለጉዞ ክሊኒኩ ሐኪም ንገሪው። ለሕፃናት በክብደታቸው ተለክቶ የሚሰጥ፣ ተፈጭቶ ከምግብ ጋር የሚዋሐድ ዓይነት አለ። ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ7 ቀን ይቀጥላል። ከዚያ ውጭ ጨለም ሲል እጅጌና እግር የሚሸፍን ስስ ልብስ፣ አልጋው ላይ አጎበር፣ ቆዳው ላይ የትንኝ መከላከያ። ዲት የሚባለው ኬሚካል ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበት መከላከያ ከ2 ወር በላይ ላለ ልጅ ይፈቀዳል። እጁ ላይ ግን አትቀቢው፤ ወዲያው አፉ ውስጥ ነው የሚገባው። የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት የሚባለው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚሸጠው፣ ከ3 ዓመት በታች አይሆንም።

ትኬቱን ገዝታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ፈትሹ። ልጁ ስትሄዱ ከ2 ዓመት በታች ነው፤ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ የሚከፈልለትም ትንሽ ነው። ጥምቀት አካባቢ 2 ዓመት ከሞላው በኋላ ከተመለሳችሁ ግን ለመልሱ የራሱ ወንበር ግዴታ ነው። ይህን ኤርፖርት ቆማችሁ መስማት የለባችሁም። የእኔ ምክር ለመሄጃውም ወንበር ግዙለት ነው። ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን፣ የሚንፈራገጥ ልጅ ጭን ላይ ይዞ 13 ሰዓት መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለውን የሕፃን አልጋ አትመኚው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ክብደቱም ቁመቱም አይፈቅድለትም። መልሱ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለአሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ስለሚከብደው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል።

የመኪና ወንበሩንም ይዛችሁ ግቡ። ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ጎኑ ላይ አለ። የለመደው ወንበሩ ስለሆነ ይተኛበታል። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ፣ ከዛንዚባር ኤርፖርት እስከ ሆቴላችሁም ያስፈልጋችኋል፤ እዚያ የሕፃን ወንበር ያለው መኪና አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

በረራው ላይ ስለሚሰጥ «ማስተኛ ሽሮፕ» የግድ ልናገር። በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። «ትንሽ የጉንፋን ሽሮፕ ስጪው፣ ድርግም ብሎ ይተኛል» የምትልሽ አትጠፋም። አታድርጊው። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ለማስተኛት ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። አተነፋፈሱን ሊያዳክምበት ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ከመተኛት ይልቅ ያቅበጠብጠዋል። ያኔ ከ13ቱ ሰዓት አንዱንም አትተኙም።

ከዚያ ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ሲነሣና ወደ መሬት ሲወርድ የሚጠባው ወይም የሚጠጣው ነገር ይኑረው፤ መዋጡ ጆሮውን ያስከፍትለታል። በመሃል አስነሥተሽ በመተላለፊያው አመላልሺው። የሚወዳቸውን ካርቱኖች ቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ስለ ስክሪን ሰዓት የሚባለውን ሁሉ ለዚያ ቀን ተዪው። ለእሱ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለራስሽም አንድ ቲሸርት በእጅ ሻንጣ ያዢ። ጭንሽ ላይ ካስመለሰው አዲስ አበባ እስክትገቢ በዚያው ልብስ ነሽ። ካለቀሰ ደግሞ ያልቅስ። ዙሪያሽን ስታይ ግማሹ ተሳፋሪ ሐበሻ ነው፤ «ነይ እስኪ እኔ ልያዘው፣ አንቺ ብይ» የምትል እናት አታጪም። ስትልሽ ስጫት።

ወረቀቱን ባጭሩ። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚገባ የውጭ ዜጋ የራሷን የጉዞ ዋስትና ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ዋስትና ቢኖራችሁም አይቀርም። የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ነው፣ ልጁም ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ስለምትገቡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛችሁ ቦሌ ላይ እንዳትቸገሩ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ጣጣ የለውም፤ የልጁን ግን ለብቻው አረጋግጡ። ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ የፌስታል ከረጢት ከልክላለች። የቆሸሸ ዳይፐር የምትቋጥሪበትን ፌስታል ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ፤ የጨርቅ ወይም ውኃ የማያስገባ ዚፕ ያለው ቦርሳ ያዢ።

የት ትረፉ የሚለው ከምታስቢው በላይ ለውጥ አለው። የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ውኃው ሲጎድል እጅግ ሩቅ ይሸሻል። ጠዋት ሰማያዊ ባሕር ያየሽበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ነጭ አሸዋና ትንንሽ የውኃ ገንዳ ብቻ ይሆናል። ለሚዋኝ ሰው ይህ ያናድዳል። ለ2 ዓመት ልጅ ግን ከዚያ የተሻለ መጫወቻ የለም፤ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚደርስ ለብ ያለ ውኃ፣ ማዕበል የለ፣ የሚሮጥ ትንሽ ሸርጣን አለ። ግን ከገንዳዎቹ ራቅ ብሎ ያለው ድንጋያማ ቦታ ላይ ጥቁር፣ ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ተጣብቆ ይኖራል። ከረገጡት እሾሁ ተሰብሮ እግር ውስጥ ይቀራል። የውኃ ጫማ ሳታደርጊለት እንዳታወርጂው፤ ለራሳችሁም እንደዚያው።

በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ውኃቸው ያን ያህል አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ባለቤትሽ መዋኘት ከወደደ ወደ እነሱ አዘንብሉ። ብቻ ከኤርፖርት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃሉ፤ ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደግሞ ከተማው ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ልጁ የሆድም የአስምም ችግር ከሌለበት ሰሜኑን እመርጣለሁ። ከኖረበት ግን ለከተማው ቀረብ ያለ ቦታ እይዝ ነበር።

ሆቴል ስትይዙ ስለ ቁርሱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የመዋኛ ገንዳው አጥር አለው? ክፍላችን ከገንዳው ምን ያህል ይርቃል? አጎበር የሚገጠምለት የሕፃን አልጋ አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል? በጃንዋሪ ዛንዚባር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ አየሩም ይወብቃል። ያለ ማቀዝቀዣ ልጁም አይተኛም፣ እናንተም አትተኙም።

ወደ አማትሽ ምች እንምጣ። እናቶቻችን «ምች» ብለው የሚፈሩት ነገር ከምንም የመጣ አይደለም። ሕፃን በጠራራ ፀሐይ ከዋለ ይታመማል። ትኩሳት ይይዘዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዝለፈለፋል። ስለዚህ «ልክ ነዎት እማዬ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ፀሐይ አያገኘውም» በያቸው፤ ያልሽውንም አድርጊ። የእኛ ሰው ደግሞ በሌላ በኩል «ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል» የሚል ነገር አለው። ያደርጋል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ልብስ ነው፦ እጅጌው ረዥም የዋና ልብስ፣ አንገት የሚሸፍን ባርኔጣ። ያልተሸፈነውን ፊቱን፣ እጁንና እግሩን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቢያንስ 30 ቁጥር የሆነውን ቀቢው፤ በየ2 ሰዓቱና ከውኃ በወጣ ቁጥር ድገሚው። የትንኙም መከላከያ ካስፈለገ ከፀሐዩ ቅባት በላይ ነው የሚቀባው። አማትሽ ዳማከሴ ቋጥረው ቢሰጡሽ በደስታ ተቀበያቸው፤ ጨምቀሽ ግን እንዳታጠጪው።

ስለዚህ ቀኑ እንዲህ ይሄዳል። ልጅ እንደሆነ ከጎህ ጋር ይነሣል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባሕር ዳር። ከዚያ ገላ መታጠብ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ። 10 ሰዓት ላይ እንደገና ባሕር። ማታ 1 ሰዓት አልጋ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሾፌር ወይም ጀልባ ስትቀጥሩ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚል ጠይቁት። ዶልፊን እናያለን፣ የቅመም እርሻ እንጎበኛለን፣ ስቶን ታውን የሚባለውን አሮጌ ከተማ እንዞራለን የሚለውን ከ6 ቀን ውስጥ በአንዱ ቀን ብቻ አድርጉት። ወደ ከተማው ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ አክብሮቱን ያስተውላል። ለልጅ ደግሞ ልባቸው ሰፊ ነው። «ምቶቶ፣ ምቶቶ»፣ በእኛ «ልጅ፣ ልጅ»፣ እያሉ የሚያቅፉላችሁ አይጠፉም።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅሽ ግን በምችም በወባም አይደለም። በውኃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከምንም በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። ያውም አብዛኛው ባሕር ላይ አይደለም፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። የሚሰጥም ሕፃን አይጮኽም። እጁን አያወራጭም። ድምፅ ሳይሰማ፣ ሰው ዞር ባለበት ቅጽበት ይሄዳል። አደጋው የሚበዛውም ሰው ሲበዛ ነው፤ እናት «አባቱ እያየው ነው» ትላለች፣ አባት «እናቱ ጋ ነው» ይላል፣ አያት ሁለቱንም ያምናሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ በስሙ የተጠራ፣ «አሁን እኔ ነኝ የማየው» ይበል። ያ ሰው ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ልጁ ውኃ አጠገብ ባለበት ጊዜ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚነካው ርቀት ላይ ነው። ሲደክመው «ያዝ፣ አሁን አንተ ነህ» ብሎ ያስረክባል። በአየር የሚነፋውን የክንድ ፊኛ አትመኚው፤ መጫወቻ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ለክብደቱ የሚሆን ትክክለኛ ላይፍ ጃኬት ከአሜሪካ ይዘሽ ሂጂ፤ ጀልባ ላይ ከወጣችሁም ያስፈልጋችኋል። የክፍላችሁን በር ደግሞ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ የምትቆልፉበት ዘዴ ፈልጉ። ከእናንተ ቀድሞ ነቅቶ በሩን ከፍቶ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ነው።

ምግብ አያስቸግርሽም። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ፣ በደንብ የበሰለ ዓሣ አለ። የታሸገ ውኃ ብቻ፣ ጥርሱን ለሚታጠብበትም ጭምር። ፍራፍሬውን ራስሽ ላጪው። ጁስ ላይ በረዶ አይግባ። አማትሽ ስንቅ ሲቋጥሩ በሶውን ተቀበይ፣ በታሸገ ውኃ በጥብጠሽ ለመንገድ የሚሆን ነው። ቆሎውን ግን ለእናንተ አድርጉት፤ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ተቅማጥ ቢይዘው ኦአርኤስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ፋርማሲ ጥቂት ከረጢት ግዢ። አንዱ በ1 ሊትር የታሸገ ውኃ ይበጠበጣል። በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ፣ ቢያስመልሰውም 10 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና። ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ካልወጣው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። የአዋቂ የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ለሕፃን አይሰጥም። ትኩሳት መለኪያና በክብደቱ የተለካ ፓራሲታሞል፣ እናንተ ታይሌኖል የምትሉት፣ በእጅ ሻንጣሽ ይኑር።

ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ ይህን ለባለቤትሽም ንገሪው። ወባ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላም፣ ከወራት በኋላም ይመጣል። ልጁ በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ከያዘው «የዴይኬር ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ገና በር ላይ «ወባ ያለበት አገር ነበርን፣ ደሙ ይመርመር» በሏቸው። አሜሪካ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባ ላይታሰበው ይችላል።

ዛሬ ሰኞ ከሆነ፣ ነገ ለጉዞ ክሊኒኩ ደውይ። ረቡዕ ለአየር መንገዱ ደውለሽ የልጁን የልደት ቀን ከመመለሻ ቀናችሁ ጋር አስተያዪ። ቅዳሜ ማታ ልጁ ሲተኛ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ስለ ተራችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ለአማትሽ ደውላችሁ ባሕር ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋቸው።